ኦርካ፦ የኤምኤስአይ ፓኬጆችን ግጭት ለመፈተሽ ምን ያህል ያስኬዳል?

ኦርካ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ኤስዲኬ (የፕሮግራመሮች መሣሪያ ስብስብ) ጋር በነጻ የሚሰጠው የኤምኤስአይ፣ ማለትም የዊንዶውስ ፕሮግራም መጫኛ ፓኬጅ፣ ማያና ማስተካከያ ነው። ኤስዲኬው ስለተጫነ ብቻ ኦርካ ተጭኗል ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ኪትስ ፎልደር ውስጥ፣ ከቢን ሥር የራሱን ኤምኤስአይ ፈልጎ ለብቻ መጫን ያስፈልጋል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ፓኬጁን ከፍቶ ከቱልስ ሜኑ ቫሊዴት፣ ከዚያ ሙሉውን የኤምኤስአይ መመዘኛ መርጦ ማስጀመር ነው። አይስ ከሚባሉት የፍተሻ ደንቦች ዝርዝር ውስጥ ለግጭት ቅድሚያ የሚሰጣቸው ሁለት ናቸው፦ አንድ የኮምፖነንት (አብረው የሚጫኑና የሚራገፉ ፋይሎችና ቅንብሮች ስብስብ) መለያ ኮድ ተደግሞ መግባቱን የሚይዘው አይስ08፣ እና ሁለት ኮምፖነንቶች አንዱን ፋይል እዚያው ፎልደር ውስጥ ማስቀመጣቸውን የሚይዘው አይስ30። አይስ33 የሚደረድረው የማስጠንቀቂያ መዓት አብዛኛውን ጊዜ ሰው ከማስደንገጥ ያለፈ ጉዳት የለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ፍተሻ የሚያየው የአንዱን ፓኬጅ ውስጥ ብቻ ነው፤ ለየብቻቸው ንጹሕ የወጡ ሁለት ፓኬጆች አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲገናኙ ሊጣሉ ይችላሉ። ዊንዶውስ ኢንስቶለር አንድን ፋይል የሚጋሩትን ፕሮግራሞች የሚቆጥረው በፋይሉ ስም ሳይሆን በኮምፖነንቱ መለያ ኮድ ነው። ሁለቱ ፓኬጆች ያንኑ ዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ፋይል) ኮመን ፋይልስ በሚባለው የጋራ ፎልደር ውስጥ በተለያየ ኮድ ካስቀመጡ፣ አንደኛው ሲራገፍ ዲኤልኤሉን ይዞ ሊሄድ ይችላል። የቀረው ፕሮግራም ያኔ አልነሳም ይላል።

ስለዚህ ማነጻጸሩ በእጅ ነው። ከቴብልስ ሜኑ ኤክስፖርት ቴብልስ በማለት የፋይል፣ የኮምፖነንት፣ የዳይሬክተሪ፣ የሬጂስትሪና የሰርቪስ ኢንስቶል ሠንጠረዦችን ማውጣት ይቻላል። የሚወጡት ፋይሎች በታብ የተከፈሉ ጽሑፎች ስለሆኑ ኤክሴል ይከፍታቸዋል። የፋይል ስም አምዱ አጭሩንና ረጅሙን ስም በቋሚ መስመር ለይቶ ስለሚይዝ፣ የሚነጻጸረው ከመስመሩ በስተቀኝ ያለው ነው። ፎልደሩ እዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ አይገኝም፤ በኮምፖነንት በኩል አልፎ እስከ ዳይሬክተሪ መከተል ይጠይቃል። ይህን የዘለለ ሰው በየፎልደሩ ያለውን ሪድሚ ሁሉ ግጭት ብሎ ይመዘግባል። ቦታውም ስሙም አንድ ሆኖ ኮዱ ከተለያየ ግን ግጭቱ እውነተኛ ነው።

ለ3 ወይም ለ4 ፓኬጅ ይህ ያስኬዳል። 30 ፓኬጅ ላለው መሥሪያ ቤት 435 ጥንድ ስለሚሆን በኦርካ መሞከሩ ከንቱ ድካም ነው። እዚያ ፓኬጆቹን ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ባለ ካታሎግ አስገብቶ እርስ በርስ የሚያነጻጽረው አድሚንስቱዲዮ ይሻላል፣ ቢከፈልበትም።

ከአምራች የመጣ ኤምኤስአይ በኦርካ ተስተካክሎ በላዩ ላይ ሴቭ አይደረግም። ለውጡ በትራንስፎርም ሜኑ ኤምኤስቲ የሚባል የለውጥ ፋይል ሆኖ ይወጣና ሲጫን አብሮ ይሰጣል።

ኦርካ ኢኤክስኢ አይከፍትም፤ ከስተም አክሽን (አምራቹ በፓኬጁ ውስጥ የጨመረው የራሱ ኮድ) ሲሮጥ ምን እንደሚነካም አይነግርም። እነዚህን የሚያጋልጠው ቨርቹዋል ማሽን ነው፦ ሁለቱን ጭኖ፣ የመጀመሪያውን አራግፎ፣ ሁለተኛውን መክፈት፤ ከዚያ ስናፕሾቱን (ከመጫኑ በፊት የተያዘውን የማሽኑን ቅጂ) መልሶ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ። በኢቨንት ቪውወር አፕሊኬሽን ሎግ ውስጥ ከኤምኤስአይ ኢንስቶለር 1001 እና 1004 ቁጥሮች ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ከተደጋገሙ፣ ፕሮግራሙ የጎደለበትን ለመጠገን እየሞከረ ነው። 1004 የኮምፖነንቱን ኮድና የጠፋውን ፋይል ወይም የሬጂስትሪ ቁልፍ ጽፎ ስለሚያስቀምጥ፣ ያንን ኮድ ኦርካ ውስጥ መፈለግ ነው።