የውርስ ማርሊን 39ኤ፦ ከስምንት ወርና ከ2,000 ጥይት በኋላ

ማርሊን 39ኤ ከምላጩ ሥር ባለ ማንሻ ጥይት የሚያጎርስ የአሜሪካ ጠመንጃ ነው። የዚህኛው በርሜል ላይ «ኖርዝ ሄቨን፣ ኮኔቲከት» ተቀርጿል። መለያ ቁጥሩ በ25 ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ወዲህ እዚያ በተሠሩ ማርሊኖች የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ከመቶ ሲቀነሱ የምርት ዓመቱን ስለሚሰጡ፣ ይህ የ1975 ሥራ ነው። ምላጩ ወርቃማ፣ ሰደፉ ዋልነት፣ ከሰደፉ ሥር ደግሞ የአዝራር ያህል ጥቁርና ነጭ ክብ ተቀብሮበታል። የማርሊን ምልክት ነው፤ ሰደፍ ሲታደስ ብዙውን ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት የሚበላሸውም እሱ ነው። በውርስ የመጣ ጠመንጃ መጀመሪያ የሚያጓጓው ማሳደስ ነው። አይነካ። እንጨቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ የተልባ ዘይት በመዳፍ ማሸት ይበቃዋል። ዳግመኛ ጥቁር ቀለም የተነከረ ብረት ዋጋው ይወድቃል።

ባለ 22 ሪምፋየር ነው፤ ማለትም መቺው መርፌ የሚያርፈው በቀለሁ መሐል ሳይሆን በጠርዙ ላይ ነው። በርሜሉ 61 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ 3 ኪሎ ግድም፣ ከበርሜሉ ሥር ያለው ቱቦ 19 ሎንግ ራይፍል (የተለመደው ረጅሙ ባለ 22) ጥይት ይይዛል። ምንሽር ትከሻ ሲደቃ ያየ ሰው ይህን ሲተኩስ ሳቅ ሊመጣበት ይችላል። ግን መጫወቻ አይደለም፤ ጥይቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ከኢላማው ኋላ አፈር መኖር አለበት።

የዚህ ጠመንጃ ትልቁ ጸጋ ለሁለት መፈታቱ ነው። በቀኝ ጎኑ ሳንቲም የሚገባበት ሰፊ ቪቲ አለ። መጀመሪያ የጥይቱን የውስጥ ቱቦ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ቀሪ ጥይት እንዳልተቀረቀረ ማየት፣ ማንሻውን ከፍቶ ጎሬውን (ጥይቱ ገብቶ የሚተኮስበትን የበርሜሉን የኋላ ጫፍ) በጣት መዳሰስ። ከዚያ ማንሻውን ዘግቶ፣ መዶሻውን (መርፌውን የሚመታውን ክፍል) ወደ ኋላ ስቦ ቪቲውን ማላላት። ሰደፉን በመዳፍ መታ ሲያደርጉት ይለያያል፣ ቦልቱም (ጎሬውን ከኋላ የሚዘጋው ተንሸራታች ብረት) በእጅ ይወጣል። ካቻቪቴ አያስፈልግም። ሲገጠም ቦልቱ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት መግባት፣ መዶሻውም ወደ ኋላ መሳብ አለበት። እምቢ ካለ ከሁለቱ አንዱ ቦታውን ስቷል ማለት ነው፤ በጉልበት የገፋው ሰው ጠርዙን ይጎዳል።

ጥቅሙ የሚታየው ሲጸዳ ነው። የብዙ አሮጌ ባለ 22 ጠመንጃዎች አነጣጠር የሚበላሸው ከተኩስ ይልቅ በአፈሙዝ በኩል በሚገባ የማጽጃ ዘንግ ነው። ዘንጉ የአፈሙዙን ጠርዝ ይፍቀዋል፣ ጥይቱም ሲወጣ ተዛንፎ ይሄዳል። ማርሊኑ ግን ተፈትቶ ከኋላ ይጸዳል። ከመጀመር በፊት ቀለህ አስፈንጣሪውን ወደ ውስጥ ተጭኖ መቆለፍ ነው፤ ያለዚያ ዘንጉ ያጣምመዋል። ከጨረሱ በኋላ መፍታቱን የረሳ ሰው በመጀመሪያው ተኩስ ቀለሁ አልዘል ሲለው ጠመንጃው የተሰበረ ይመስለዋል።

ያስቸገረውም ያው ቪቲ ነው። በተኩስ ንዝረት ይላላል። በ46 ሜትር ርቀት አምስት ጥይት ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ውስጥ ይሰበስብ የነበረ ጠመንጃ በድንገት 8 ሲበትን፣ የማነጣጠሪያ ማስተካከያውን ከመነካካት በፊት ቪቲውን መንካት ይቀድማል። በየ50 ጥይቱ በሳንቲም ጠበቅ ማድረግ ልማድ ሆኗል። በፒንሳ ግን አይጠበቅም፣ ጥርሱ ካለቀ መላው ችግር ነው።

ሁለተኛው ደካማ ክፍል አስፈንጣሪው ራሱ ነው። ቀጭን ነው፣ ሞላውም ይደክማል። ምልክቱ ቀለሁ እየዘለለ ሳይሆን እየተንከባለለ መውጣቱ ነው። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የማንሻው ነው፤ ማንሻውን በፍርሃት ቀስ አድርጎ ለሚስብ ሰው ቀለሁ ውስጥ ይቀራል። እስከ መጨረሻው፣ ቆረጥ አድርጎ መሳብ ነው።

ጥይት ላይ፦ 40 ግሬን (2.6 ግራም) መደበኛ ፍጥነት ያለው ከሁሉ ተስማምቶታል። ፈጣኑም ይሠራል፣ ድምፁ ብቻ ይጨምራል። ስለ ፈጣን ጥይት የሚሰማው ማስጠንቀቂያ የሚመለከተው ከ39ኤ በፊት የነበረውን ሞዴል 39 ነው፤ በ1932 አካባቢ ቦልቱ እስኪጠናከር ድረስ የተሠሩት ፈጣን ጥይት ሲተኮስባቸው ቦልታቸው ሊሰነጠቅ ይችላል። የተጠናከሩት ቁጥራቸው «ኤችኤስ» በሚል ይጀምራል። «ኤስ» ብቻ ከሆነ መደበኛ ጥይት እንጂ ሌላ አይገባበትም። አጭሩን ሾርት ጥይት አብዝቶ የተኮሰ ደግሞ ጎሬው ውስጥ የእርሳስና የጥላሸት ቀለበት ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ሎንግ ራይፍሉ ሲወጣ ይጣበቃል። በነሐስ ብሩሽ ይለቃል።

አልፎ አልፎ አንዱ ጥይት ይከሽፋል። በጠርዙ ውስጥ ያለው ፈንጂ ሁሌ እኩል አይሰራጭም። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዙ 30 ሰከንድ መጠበቅ፣ ከዚያ አውጥቶ ጥይቱን አዙሮ መልሶ መሞከር፤ ብዙዎቹ በሁለተኛው ይተኮሳሉ። ጥይት እየተደጋገመ ከከሸፈ ግን መርፌው አልቋል ወይም ቆሽሿል።

ጎሬው ባዶ ሆኖ ምላጭ መሳብ ክልክል ነው፤ መርፌው የጎሬውን ጠርዝ ይመታል። ለልምምድ ከ4 እስከ 6 ቁጥር ያለው ቢጫ የግድግዳ ፊሸር ጎሬው ውስጥ ልክ ይገባል፣ ዋጋውም የሳንቲም ነው። ይህ ዘመን ያለፈበት ሥሪት የመስቀለኛ መቆለፊያ (በጎን ተገፍቶ መዶሻውን የሚያግድ ቁልፍ) የለውም፤ ያ የመጣው በ1988 ነው። ያለው ግማሽ ስቦሽ (መዶሻው በግማሽ ተስቦ የሚቆምበት) ብቻ ስለሆነ መዶሻውን በአውራ ጣት ሲያወርዱ ጣቱ በላብ የራሰ መሆን የለበትም። ከተኩስ በኋላ እጅ መታጠብም አይዘነጋ፤ ፈንጂውም ጥይቱም እርሳስ አለበት።

አሜሪካ ውስጥ በኑዛዜ ወይም በሕጋዊ ውርስ ከሌላ ስቴት የመጣን ጠመንጃ የፌዴራል ሕግ ይፈቅዳል፣ የየስቴቱ ምዝገባ ግን ለየቅል ነው። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ወራሽ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መያዝ አይፈቀድለትም፤ ግሪን ካርድ ላለው ይፈቀዳል።

ሲቀመጥ በጨርቅ ወይም በቆዳ ማህደር ውስጥ አይተው፤ እርጥበት ይዞ በሳምንታት ውስጥ ዝገት ያወጣል። ማርሊንን ሬሚንግተን በ2007፣ ሩገር ደግሞ በ2020 ገዝቶታል፤ የድሮዎቹ ክፍሎች በአብዛኛው የሚገኙት ከተፈቱ ጠመንጃዎች ነው። ትርፍ አስፈንጣሪና መርፌ ሲገኝ፣ ሳይሰበር በፊት ገዝቶ ማስቀመጥ ነው።