ብዙ ጥገና የማይፈልግ ቤት በጅማ፤ ከአንድ ክረምትና ከአንድ በጋ ኑሮ በኋላ

ቦሳ ቂጦ አካባቢ የገዛነው ቤት ባለ 20 ሳንቲ ሜትር የብሎኬት ግድግዳ፣ በፋብሪካ የተቀባ ቆርቆሮ፣ የአሉሚኒየም መስኮት፣ የፒቪሲ ኮርኒስና የሴራሚክ ወለል ያለው ሲሆን፣ ደላላው ያስተዋወቀን «ገብቶ መኖር ብቻ ነው፤ እድሳት የሚባል ነገር አያውቅም» በማለት ነበር። ቤቱ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም የዘለቀውን ዝናብና ከዚያ በኋላ የመጣውን በጋ አብሮን ስላሳለፈ፣ ይህ አባባል የትኛው ላይ እንደሚሠራና የትኛው ላይ እንደማይሠራ አሁን በዝርዝር መጻፍ ይቻላል።

እንዲህ ያለ ቤት በጅማ ለምን እንደሚፈለግ የሚገባው የጭቃ ቤት ውስጥ ለኖረ ሰው ነው። ዝናቡ ሲያባራ ጭድ ይፈለጋል፣ ጭቃ ይቦካል፣ የረገፈው ግድግዳ እንደገና ይመረጋል፣ ከሥሩ የበሰበሰው ወይም ምስጥ የበላው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይቀየራል። የጭቃ ቤት በራሱ መጥፎ ቤት አይደለም፤ ሙቀቱንም ቅዝቃዜውንም ይመጥናል፣ ሲሠራም ወጪው ቀላል ነው። ነገር ግን በየዓመቱ ጉልበት ይጠይቃል፤ ልጆች ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ በሄዱበትና ወላጆች ባረጁበት ቤት ደግሞ ይህ ጉልበት የለም። ለሻጭም ነገሩ ቀላል አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ስለሚደነግግ፣ ባለቤቱ ለገበያ የሚያቀርበው በመሬቱ ላይ የሠራውን ቤት ነው። ሰፈሩ በዋጋው ላይ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ ገዢ የሚከራከረው ግድግዳውን እየነካና ጣሪያውን እያየ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ስንጥቅና እያንዳንዱ የዝገት ጠብታ የዋጋ መቀነሻ ይሆናል።

በእኔ አስተያየት ግን በዚህ ከተማ ቤትን ከጥገና የሚያድነው ሴራሚኩም አሉሚኒየሙም አይደለም፤ ውሃው የሚሄድበት መንገድ ነው። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ስለሆነ፣ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት ወደ 150,000 ሊትር ይቀበላል፤ ይህ ባለ 2,000 ሊትሩን ሮቶ 75 ጊዜ ይሞላል። ይህን ያህል ውሃ መሄጃ ካልተበጀለት ግድግዳው ሥር ይወድቃል፣ ቀይ አፈር እያፈናጠረ ልስኑን እስከ ጉልበት ያበላሻል፣ ወደ መሠረቱም ይሰርጋል። የእኛ ቤት ክፈፉ ከግድግዳው ከአንድ ክንድ በላይ ወጥቷል፣ አሸንዳው ዙሪያውን ይዞራል፣ ከሥርም ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ መረማመጃ አለው። በዚህ ምክንያት ክረምቱ ሲያልፍ የሦስቱ ጎኖች ቀለም እንደነበረ ነው የተገኘው። በጓሮ በኩል ያለው ጎን ብቻ አረንጓዴ ሻጋታ ይዟል፤ የአቮካዶው ቅጠል አሸንዳውን ደፍኖት ውሃው በጠርዙ እየገነፈለ በልስኑ ላይ ይወርድ ነበርና። አሸንዳ ከሰኔ በፊት አንድ ጊዜ፣ በክረምቱ መካከል ደግሞ ሌላ ጊዜ መጠረግ አለበት፤ «ጥገና አይፈልግም» በሚባለው ቤት ውስጥ ፈጽሞ የማይቀረው ሥራ ይህ ነው።

ጂሬን ላይ የሚገኘውን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የጎበኘ ሰው ሰፊውን በረንዳ ሳያስተውል አይቀርም፤ የዚህ አገር ዝናብ ምን ዓይነት ቤት እንደሚጠይቅ የቀድሞ ግንበኞች ያውቁ ነበር። አሁን ለሽያጭ በሚሠሩ ቤቶች ላይ ግን ክፈፉ እያጠረ፣ ጣሪያውም በፓራፔት፣ ማለትም ከጣሪያው ጠርዝ በላይ ከፍ ብሎ በሚሠራ ግድግዳ፣ እየተሸፈነ ነው። ፓራፔት ከመንገድ ሲታይ ያምራል፤ ነገር ግን አሸንዳውን ከግድግዳው ውስጠኛ ጎን ስለሚያስገባው፣ መውረጃው የተደፈነ ቀን ውሃው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ቤት ይገባል። ጅማ ላይ ብዙ ጥገና የማይፈልግ ቤት እፈልጋለሁ የሚል ሰው ፓራፔት ያለውን ቤት እንዳይመርጥ አጥብቄ እመክራለሁ።

ቆርቆሮው እስካሁን አላስቸገረንም። በፋብሪካ የተቀባው ቆርቆሮ ከቀለሙ ሥር የዚንክ ሽፋን ስላለው ከተራው ይሻላል፤ ሆኖም ገዢ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ጌጁን፣ ማለትም የውፍረቱን ቁጥር፣ መጠየቅ አለበት፤ የጌጁ ቁጥር ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል። ሌላው መታየት ያለበት የተቆረጠበት ጠርዝ ነው። በግራይንደር ሲቆረጥ የሚፈጠረው ሙቀትና ፍንጣሪ ሽፋኑን ስለሚያቃጥለው ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። በእኛ ቤት በኮልሞው (በጣሪያው አናት ባለው መክደኛ) አጠገብ ሁለት ቆርቆሮዎች ጫፋቸው ላይ ቡናማ መስመር አውጥተዋል፤ በበጋው ተፍቀው አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ተቀብተዋል።

የአሉሚኒየሙ መስኮት አይዝግም፣ አይነቅዝም፣ ቀለምም አይፈልግም። ይሁን እንጂ ሐምሌ ላይ ከነፋስ ጋር በመጣ ዝናብ የሳሎኑ መስኮት ውሃ ወደ ውስጥ አፈሰሰ። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ በተንሸራታቹ ሐዲድ ውስጥ ለውሃ መውጫ የተበጁት ትንንሽ ቀዳዳዎች በአቧራና በተርብ ጭቃ ተደፍነው ተገኙ። በክብሪት እንጨት ሲጸዱ የታቆረው ውሃ ወዲያው በውጭ በኩል ወረደ። መስኮቱን የገጠመው ሰው ስለ ቀዳዳዎቹ ለቀድሞው ባለቤት ቢነግር ኖሮ በመስኮቱ ሥር ያለው ልስን ባላበጠ ነበር፤ ቤት ለማየት የሚሄድ ሰውም መስኮቱን ከፍቶ ሐዲዱን በጣቱ ቢዳብስ መልካም ነው።

የፒቪሲ ኮርኒስን በተመለከተ ከብዙ ሰው የተለየ አስተያየት አለኝ። ችፑድ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ክብ ምልክት ያወጣል፤ አስቀያሚ ቢሆንም ጣሪያው እንደሚያፈስ ይናገራል። ፒቪሲ ግን አይረጥብም፣ አይበላሽምም፤ ስለዚህ ከበላዩ የሚፈሰው ውሃ እንጨቱን እያበሰበሰ ከታች ሁሉም ነገር ነጭና ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ችግርን የሚከላከል ዕቃና ችግርን የሚሸፍን ዕቃ በሻጭ አንደበት አንድ ዓይነት ስም ቢሰጣቸውም ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ኮርኒሱ ላይ ሰው የሚወጣበት መክፈቻ ከሌለ፣ ከመፈራረም በፊት እንዲከፈት መጠየቅ የገዢ መብት ነው። በተመሳሳይ ምክንያት በሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ግድግዳም ይፈተሽ፤ ጭቃና ሲሚንቶ በደንብ ስለማይያያዙ ልስኑ ውሎ አድሮ ይለቃል፣ በጣት ሲንኳኳም ባዶ ድምፅ ይሰጣል።

ስለ ሴራሚኩ ብዙ የሚባል ነገር የለም፤ ለመወልወል ይቀላል፣ እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፣ በመካከሉ ያለው ነጭ ሲሚንቶ በክረምቱ ጭቃ ጠቁሯል።

የቤቱ እውነተኛ የጥገና ሸክም ያለው በሰርቪሱ ነው። እንደ ብዙ ቤቶች ሁሉ ዋናው ቤት ብሎኬት ሆኖ ወጥ ቤቱና ዕቃ ማስቀመጫው ግን በባሕር ዛፍና በጭቃ የተሠሩ ናቸው። ከመሬት ተነሥቶ በግድግዳው ላይ የሚወጣ እርሳስ የሚያህል የምስጥ መንገድ ጥቅምት ላይ ታየ፤ ሲፈርስ በሳምንት ውስጥ እንደገና ተሠራ። ምሰሶዎቹን የተቃጠለ ዘይት መቀባት ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም፤ እንጨቱ አፈር እስከነካ ድረስ ምስጡ መንገድ አያጣም። ሰርቪሱን በድንጋይ መሠረት ላይ ለማንሣት ወስነናል። ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ፎቶግራፍ ሁልጊዜ የዋናው ቤት ስለሆነ፣ ገዢ በቅድሚያ ወደ ጓሮ ይሂድ።

አፈሩም መታየት አለበት። ጥቁር አፈር ባለባቸው ዝቅተኛ ሰፈሮች አፈሩ በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ከላይ ያለው ግድግዳም አብሮ ይንቀሳቀሳል። በመኝታ ቤቱ መስኮት ማዕዘን ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ በታኅሣሥ ወጥቶ ጫፉን በእርሳስ ምልክት አድርገንበታል፤ እስካሁን ምልክቱን አላለፈም። እንዲህ ያለው ስንጥቅ የሚመረመረው በአንድ ቀን ጉብኝት ሳይሆን ክረምትና በጋን በማነጻጸር ስለሆነ፣ ሻጭን ስለ ስንጥቅ በቀጥታ መጠየቅና መልሱን ከጎረቤት ጋር ማመሳከር ይጠቅማል።

ቤቱን የሸጡልን አባት ቁልፉን ሲያስረክቡን የውሃ መስመሩን፣ የሴፕቲክ ታንኩን ክዳንና በግድግዳው ውስጥ ያለፈውን የኤሌክትሪክ ገመድ በደብተር ወረቀት ላይ በእጃቸው ስለው ሰጥተውናል። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ባፈሰሰ ጊዜ ቧንቧ ሠራተኛው አንድ ሴራሚክ ብቻ አንሥቶ ሥራውን የጨረሰው በዚያ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ገና በድርድሩ ወቅት ስላሳዩን፣ ለእድሳት ይሆናል ብለን ከዋጋው ላይ ልናስቀንስ ያሰብነውን ገንዘብ ሳንጠይቅ ቀርተናል።