የኤምጂቢ ሞተር በርካሽ ማደሻ ኪት ከወራት በኋላ፦ ታፔቱ ጉድ ሠራኝ

ይህን የምጽፈው በስምንት ትንንሽ ብረቶች ምክንያት ነው። ታፔት ይባላሉ። የ1969 (እ.ኤ.አ.) ኤምጂቢዬን ሞተር ለማደስ በገዛሁት ኪት ውስጥ ከነበሩት ዕቃዎች ሁሉ ዋጋቸው ትንሽ ነው። አዲስ የታደሰውን ሞተር ሁለተኛ ጊዜ ያስወረዱኝ ግን እነሱ ናቸው።

መኪናዋን ለማታውቁ በአጭሩ፦ ኤምጂቢ እንግሊዝ አገር አቢንግደን ከተማ ከ1962 እስከ 1980 የተሠራች የስፖርት መኪና ናት። ከ5 መቶ ሺህ በላይ ተመርታለች። ብዙዎቹ የተላኩት ወደ አሜሪካ ስለሆነ፣ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በወር ደመወዝ የሚኖር ሰውም አንዷን ማግኘት ይችላል። ሞተሯ 1798 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ፣ ካምሻፍቱ (ካም)፣ ያለው ታች ብሎኩ ውስጥ ነው። ካሙ ታፔቱን ይገፋል፣ ታፔቱ ዘንጉን፣ ዘንጉ ሮከሩን፣ ሮከሩ ቫልቩን። ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር የለበትም። እቤት ጋራዥ ውስጥ ተፈትቶ የሚገጠም ሞተር ነው፤ የምወደውም ለዚህ ነው።

ገንዘቤ ውስን ስለነበር እቅዴ አንድ ነበር፦ ገንዘቡ በእጄ ልሠራው ወደማልችለው ሥራ ይሂድ። ሲሊንደሮቹ ተለክተው በ0.030 ኢንች ሰፉ፤ ከ80.26 ሚሊሜትር ወደ 81.02 ማለት ነው። ፒስተንና ፋሻ አዲስ ገባ። ክራንክሻፍቱ በ0.010 ኢንች ተሞረደ። ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ስንጥቅ እንደሌለው ተመረመረና ጠንካራ የጭስ ቫልቭ መቀመጫ ተተከለለት። እነዚህ ሞተሮች የተሠሩት ቤንዚን እርሳስ በነበረው ዘመን ነው። እርሳሱ የቫልቭ መቀመጫውን ከመበላት ይጠብቅ ነበር። ዛሬ እርሳስ የለም፣ መቀመጫው መጠንከር አለበት። በዚህ ሥራ ላይ ያወጣሁት ገንዘብ ምንም አይቆጨኝም።

የቀረው ከኪቱ መጣ። ጓርኒሲዮን፣ የክራንክሻፍትና የቢየላ ቤሪንግ፣ ሰንሰለት፣ የዘይት ፓምፕ፣ አዲስ ካምሻፍትና ስምንቱ ታፔቶች። ለየብቻ ከመግዛት በጣም ይረክሳል። ለምን እንዲህ እንደረከሰ አሁን ገብቶኛል።

ሞተሩ ሲነሳ ደስ አለኝ። የዘይት ግፊቱ ሞቆም 60 ፒኤስአይ ላይ ይቆማል። ጭስ የለም። ዘይት አይበላም። አውራ ጎዳና ላይ የሚጎትተው ጉልበት ከጠበቅሁት በላይ ነበር። ስለዚህ ክፍል ሌላ የምጨምረው የለኝም፤ ሁሉም ሥራውን ሠርቷል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ከሮከሩ ክዳን ሥር ቀጭን ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ኮፈኑን ከፍቼ የቫልቭ ክፍተቱን ለካሁ። መሆን ያለበት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.015 ኢንች ነው። የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ሰፍቶ ነበር። አስተካከልኩት። እንደገና ሰፋ። ክፍተቱ እየደጋገመ የሚሰፋ ከሆነ ከታች የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። ቀጥሎ አየርና ነዳጅ ከሚቀላቅሉት ሁለት ካርቡራተሮች የኋለኛው መሳል ጀመረ። ጋዝ ስሰጥ ፑፍ ይላል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ካርቡራተሩን ይፈታል፤ ካንዴላ ይቀይራል፤ ነዳጁን ይወቅሳል። ምክንያቱ ሌላ ነው። የጭስ ቫልቩ የካም ጉብታ ሲበላ ቫልቩ እንደ ድሮው አይከፈትም። የተቃጠለው ጋዝ በሙሉ አይወጣም። የመግቢያው ቫልቭ ሲከፈት ትኩሱ ጋዝ በዚያ በኩል ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ ሦስተኛውና አራተኛው ሲሊንደር አየር የሚስቡት በአንድ ቀዳዳ ነው። አንዱ ሲታመም ሌላውንም ይረብሸዋል።

ዘይቱን ቀዳሁ። በብርሃን ሳየው ያብረቀርቃል። ማግኔት ስነክርበት ጥቁር ጭቃ መስሎ የተጣበቀው የብረት ብናኝ ነው። ጥሩነቱ የዚህ ሞተር ታፔት በብሎኩ ጎን ባሉት ክዳኖች በኩል ይወጣል። ማኒፎልዱን፣ ሮከሩንና ዘንጎቹን አንስቼ አወጣኋቸው። የሦስተኛው የጭስ ታፔት ታችኛው ፊት ተቦርቡሯል። የሌሎች ሁለትም ጀምሯል። የካሙ ጉብታ በዓይን እስኪታይ ድረስ ተልጧል። ታፔቱን በጎን ማውጣት ይቻላል፤ ካምሻፍቱን ለመቀየር ግን ሞተሩን አወረድኩት።

ሻጩ ምን እንደሚል አውቃለሁ። በስልክም ብሎኛል፣ ለሚደውል ሁሉም ይለዋል። «ወንድሜ፣ ሮዳጁን (የአዲስ ሞተር ማሟሸቱን) በደንብ አልሠራኸውም።» ሠርቻለሁ። ካሙና ታፔቱ የሞሊብደነም ቅባት ተቀብተው ነው የገቡት። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ካንዴላዎቹን አውጥቼ በስታርተር እያዞርኩ የዘይት ግፊት አስነስቻለሁ። እንደተነሳም ሳላስተኛው በደቂቃ ከ2000 ዙር በላይ ለ20 ደቂቃ ይዤዋለሁ። የካም ማሟሸት ማለት ይኸው ነው።

«ዘይትህ ዚንክ የለውም።» አለው። ይህን እኔም አነባለሁ። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ኤፒአይ ኤስኤም የሚባለው የአሜሪካ የዘይት ደረጃ ለተራ የቤንዚን ሞተር በሚሸጡት ቀጫጭን ዘይቶች ውስጥ የፎስፎረስን መጠን ከ0.08 ከመቶ እንዳይበልጥ አድርጓል፤ የጭስ ማጽጃውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ለመጠበቅ ሲባል ነው። ከእሱ ጋር ካሙን የሚጠብቀው ዚንክም ቀነሰ። ለዚህ ነው ለጥንት ሞተር ተብሎ የሚሸጠውን 20ደብሊው-50 ዘይት የምገዛው።

«የቫልቭ ስፕሪንግህ ጠንካራ ነው።» አይደለም፣ መደበኛው ነው።

«በርካሽ ገዝተህ ምን ጠበቅህ?» ከሁሉም ያናደደኝ ይህ ነው። ታፔት ጠበቅሁ! ርካሽ ቀለም ቶሎ ቢለቅ ይገባኛል። ርካሽ ምንጣፍ ቢሳሳ ይገባኛል። ታፔት ግን ሥራው በሙሉ ጥንካሬው ነው። ለስላሳ ከሆነ የሸጥክልኝ ታፔት አይደለም። ገዢውን በዋጋ እያሳበቡ ጥፋተኛ ማድረግ ነውር ነው።

ከብዙ ክርክር በኋላ ሌላ ስምንት ታፔት በነጻ ላኩልኝ። የጓርኒሲዮኑን፣ የዘይቱን፣ የካምሻፍቱን ኪሳራ ማንም አልጠየቀኝም። አዲሶቹን ሳልገጥም ፈተንኳቸው። የታፔት ታችኛው ፊት ዝርግ መሆን የለበትም። በጣም በትንሹ ጎበጥ ማለት አለበት፣ የካሙ ጉብታም በትንሹ ያዘነበለ ነው። ታፔቱ እየተገፋ በራሱ ዙሪያ የሚዞረው በዚህ ነው። መዞሩን ካቆመ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይፈጋል፣ ሁለቱም ይጠፋሉ። ከአዲሶቹ ሁለት ታፔቶችን ፊት ለፊት ገጥሜ ብርሃን ላይ ያዝኳቸው። ጥርቅም ብለው ተቀመጡ፤ ምንም አይወዛወዙም፤ ዝርግ ናቸው ማለት ነው። ከዚያ ሞረድ አመጣሁ። የድሮውን ኦሪጅናል ታፔት ስሞርደው ሞረዱ ይንሸራተታል። የኪቱን ስሞርደው ነከሰው፤ ብረቱ ላይ ጭረቱ ቀረ።

አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ወዳጅ አለኝ። ስልክ ደውዬ ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ኦሪጅናሎቹ አሉ አይደል?» አሉ። ስፈታ በየተራቸው ቁጥር ጽፌ አስቀምጫቸዋለሁ። «በል ቶርኖ ቤት (ብረት የሚሞረድበት) ውሰዳቸው፣ የድሮ ብረት አይጣልም» አለኝ። የድሮውን ካምሻፍትና የድሮዎቹን ታፔቶች ይህን ሥራ ለሚያውቅ ካም ሞራጅ ሰጠሁ። ካሙ እንደገና ተሞረደ። ታፔቶቹ ፊታቸው ተስተካክሎ ጉብታቸው ተመለሰ። ካሙ ሲሞረድ ትንሽ ይቀጥናል፣ ግን ሮከሩ ላይ ማስተካከያ ብሎን ስላለ ችግር አይፈጥርም። የብረት ብናኙ ሳይነካቸው አይቀርም ብዬ ቤሪንጎቹንም ቀየርኩ።

ከዚያ ወዲህ ክፍተቱን ስለካ ያው 0.015 ነው። ካርቡራተሩ አይስልም። ዘይቱ ውስጥ ማግኔት ስከት ንጹህ ይወጣል። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ብረት ትናንት ከተሠራው በልጦ እየሠራ ነው።

ሞተር በቁጠባ ለማደስ ለምታስቡ፣ በቁጠባ ማደስ ይቻላል። እቅዴን ዛሬም አልቀይረውም። ቶርኖ ቤቱ ላይ አትቆጥቡ፣ መገጣጠሙን ራሳችሁ ሥሩ፣ ጓርኒሲዮኑንና ሰንሰለቱን ከኪት ብትገዙ ግድ የለም። ካምና ታፔት ግን ለብቻ፣ ጥንካሬው ተለክቶ የተጻፈለትን ግዙ፣ ወይም የራሳችሁን ኦሪጅናል አስሞርዱ። የተገዛውንም ሳትገጥሙ ፊት ለፊት ገጥማችሁ እዩት፣ ሞረድ አሳዩት።

መኪናዋን በመግዛቴ፣ ሞተሩንም በራሴ እጅ በማደሴ አንድ ቀን አልተቆጨሁም። ይህን ኪት ግን ለማንም አልመክርም። የተላኩልኝ ስምንቱ ታፔቶች ከነካርቶናቸው አሉ፤ ሌላ ሰው ሞተር ውስጥ እንዳይገቡ ብዬ ለማንም አልሰጠኋቸውም።