ቪልካባምባ የተከራየሁት ቤት፦ ከአምስት አራት ኮከብ

ቪልካባምባ ደቡብ ኢኳዶር፣ ተራሮች መሃል ያለች ትንሽ የሸለቆ ከተማ ናት። ከፍታዋ 1,500 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ የእኛን ወይና ደጋ ይመስላል፣ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም አያሻም። ኪራዩ በጣም ርካሽ ነው፣ አገሩ የሚገበያየውም በአሜሪካ ዶላር ስለሆነ የምንዛሪ ጣጣ የለም። በረንዳው ብቻውን ኪራዩን ያወጣል! ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ የማንዳንጎ ተራራ ቋጥኝ ፊት ለፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል። አከራይዋ ደግ ሴት ናቸው፣ ቧንቧው ሲያፈስ ወዲያው ሰው ላኩልኝ። አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለኢንተርኔቱ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ስለሚቆራረጥ ከቤት ለምትሠሩ አይሆንም። ለከባድ ሕክምናም በጠመዝማዛ መንገድ ሎሃ ከተማ ድረስ መሄድ አለ። የውጭ ሰው ሲበዛ መሬት ለአገሬው ተወዶበታል፣ ስለዚህ እባካችሁ የተጠራላችሁን ሁሉ እየከፈላችሁ ገበያውን አታስወድዱባቸው። ስፓኒሽ ሳትለምዱ ግን አትሂዱ።