«ሁሉም ክላስ የተከፈተ» አካውንት ልትገዙ ነው? ቆይ!

የሱፐርሂሮ ኦንላይን ጌም የምትጫወቱ ሰዎች ይህን ማስታወቂያ ሳታዩት አትቀሩም። «የመጨረሻው ሌቭል ላይ የደረሰ፣ ሁሉም ክላስ የተከፈተ፣ ብርቅ ልብሶች ያሉት አካውንት። ቅናሹ ለዛሬ ብቻ!» (ክላስ ማለት ጀግናው በውጊያ ላይ ያለው የሥራ ድርሻ ነው።) ከሥሩ እጁ ላይ እሳት የሚንቦገቦግ ጀግና ይታያል። አትግዙት። ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነውና ትንሽ ታገሱኝ።

ስለ ሌብነቱ ባጭሩ ልበል። አካውንት መሸጥና መግዛት በአብዛኞቹ ጌሞች ደንብ የተከለከለ ነው። ሻጩ ፓስወርዱን ቢሰጣችሁም መጀመሪያ የተመዘገበበት ኢሜይልና የመጀመሪያው ክፍያ ደረሰኝ እሱ ጋር ይቀራል። ገንዘባችሁን ከበላ በኋላ «አካውንቴን ሰረቁኝ» ብሎ ለኩባንያው ቢጽፍ ማስረጃ ያለው እሱ ነው፤ የሚመለሰውም ለእሱ ነው። እናንተ የት ሄዳችሁ ትከሳላችሁ? «ገዝቼው ነበር» ማለት ደንብ ጥሻለሁ ብሎ ማመን ነው። አብሮን የሚጫወት አንድ ልጅ ላይ ይኸው ደርሷል። የገዛው ጀግና አሁንም አልፎ አልፎ ጌሙ ውስጥ ይታያል፤ የሚጫወትበት ግን ሌላ ሰው ነው።

እሺ፣ ሻጩ ጨዋ ሆነ እንበል። አካውንቱም እጃችሁ ላይ ቀረ። ያኔም ቢሆን የከፈላችሁበት ነገር አይሠራላችሁም። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው፤ ማስታወቂያው ክላስን እንደ ልብስ ሸጦ ያልፋልና።

ሲቲ ኦፍ ሂሮስ የሚባለውን ጌም እንውሰድ። በ2004 ሲወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አምስት ዋና ዋና ክላሶች ነበሩት። ታንከር ፊት ቆሞ ዱላውን ይቀበላል። ስክራፐር ተጠግቶ ይመታል። ብላስተር ከሩቅ ያነዳል። ዲፌንደር ጓደኞቹን ያጠነክራል፣ ጠላትን ያዳክማል። ኮንትሮለር ደግሞ ጠላትን ባለበት ያስረዋል። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል።

ኮንትሮለሩን ብቻ እንይ። በዝቅተኛ ሌቭል ብቻውን ሲጫወት ቀርፋፋ ነው። ጠላትን ያስራል እንጂ ቶሎ አይጥልም፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሰልችቶት ይተወዋል። የራሱን ረዳት ፍጡራን የሚጠራበት ኃይል በመጀመሪያው ጌም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው 32ኛው ሌቭል ላይ ነበር። እስከዚያ ያለው ረጅም መንገድ ግን ባዶ አይደለም። ከጠላቶቹ መካከል ቀድሞ መታሰር ያለበት የቱ እንደሆነ፣ ትልቁ ኃይል መቼ እንደሚቆጠብ፣ ታንከሩ ገና ጠላት እየሰበሰበ ሳለ ማሰር እንዴት ሁሉንም እንደሚያበላሽ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ቡድን አስጨርሶ የማያውቅ ጥሩ ኮንትሮለር አላየሁም። 50ኛ ሌቭል ላይ የተቀመጠ ኮንትሮለር የገዛ ሰው ግን ስክሪኑ ሙሉ ቁልፍ ይዞ ቡድን ውስጥ ይገባል፤ የቱን መቼ እንደሚጫን አያውቅም። መጀመሪያ ዝም ይሉታል። ቀጥሎ ከቡድኑ ያስወጡታል።

ታንከርም ያው ነው። «አይሞትም» ተብሎ ይሸጣል። የታንከር ሥራ ግን አለመሞት ብቻ አይደለም፤ ጠላት ሁሉ እሱን እንዲመታ ማድረግ፣ ጥግ ላይ መሰብሰብ፣ ብላስተሩ ላይ የሚሮጠውን መልሶ መጥራት ነው። ጓደኞቹ በዙሪያው እየረገፉ እሱ ብቻውን ቆሞ የቀረ ታንከር ሥራውን አልሠራም።

ሻጮች የማይነግሯችሁ ሌላም አለ። በዚህ ጌም ክላስ ብቻ ሳይሆን በውስጡ የተመረጡት ሁለቱ የኃይል ዓይነቶችም ጀግናው ሲፈጠር ይቆለፋሉ። ኋላ ላይ ማስተካከል የሚቻለው በእነዚያ ውስጥ የመረጣችሁትን ነው። ስለዚህ የምትገዙት በሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው።

ዲሲ ዩኒቨርስ ኦንላይን ላይ ደግሞ ነገሩ ለየት ይላል። በ2011 የወጣው ይህ ጌም ሚናን ከኃይል ጋር ያስራል። ማንኛውም ኃይል ጠላት ላይ አደጋ ማድረስ ይችላል። ከዚያ በተጨማሪ እሳትና በረዶ ታንክ (እንደ ታንከር ፊት ቆሞ ዱላ የሚቀበል) ይሆናሉ፣ ተፈጥሮና አስማት ፈዋሽ ይሆናሉ፣ የአእምሮ ኃይልና መሣሪያዎች ኮንትሮለር ይሆናሉ። ማስታወቂያው ላይ የምታዩት ሁልጊዜ አደጋ የሚያደርሰውን ጎን ነው፤ ያምራላ። ስምንት ሰው የሚገባበት ትልቅ ውጊያ ላይ ግን አደጋ አድራሽ ሞልቷል። የሚፈለገው ታንክ፣ ፈዋሽና ኮንትሮለር ነው። እሳት የገዛ ሰው «ታንክ ሁንልን» ሲባል ለዚያ የሚሆን ዕቃ እንኳ የለውም።

«እሺ፣ ከሰው አልገዛም፤ ከኩባንያው ራሱ ልግዛ» ትሉ ይሆናል። ከሌባ ታመልጣላችሁ። ከሁለት ነገር ግን አታመልጡም።

አንደኛው ለውጥ ነው። ሲቲ ኦፍ ሂሮስ በ2005 የኃይል ማጠናከሪያዎችን አሠራር ቀየረ። ከዚያ በፊት ተጫዋቹ በአንድ ኃይል ስድስቱም ቦታዎች ላይ አንድ ዓይነት ማጠናከሪያ ይደረድር ነበር። ከለውጡ በኋላ አራተኛው ሲጨመር ጥቅሙ ኢምንት ሆነ። የማይነኩ የሚመስሉ ጀግኖች በአንድ ጊዜ ተራ ሆኑ። ያኔ ጌሙ በወር ክፍያ ስለነበር ለአንድ ክላስ ለይቶ የከፈለ ሰው አልነበረም። ዛሬ «የማይሸነፍ ክላስ» ተብሎ የሚሸጥላችሁ ነገር ግን በሚቀጥለው ማሻሻያ ሊዳከም ይችላል፤ ደረሰኙ ላይ ስለዚያ የተጻፈ ነገር የለም።

ሁለተኛው መዘጋት ነው። ሲቲ ኦፍ ሂሮስ በ2011 በነጻ መጫወት ሲፈቀድ ኮንትሮለርና ማስተርማይንድ (ረዳቶቹን እያዘዘ የሚዋጋ ክላስ) ለነጻ ተጫዋቾች ተቆልፈው ቀሩ፤ እነሱን ለመክፈት ብዙዎች ከፈሉ። ኖቬምበር 30 ቀን 2012 ሰርቨሮቹ ጠፉ። ማርቬል ሂሮስ የሚባል ሌላ ጌም በ2013 ወጣ፤ ጀግኖችን አንድ በአንድ ይሸጥ ነበር። በ2017 መጨረሻ ላይ ተዘጋ፤ የተገዛው ሁሉ አብሮ ሄደ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ይሄኛው ጌም በኋለኛው ዘመኑ ማንኛውንም ጀግና እስከ 10ኛ ሌቭል በነጻ ያስሞክር ነበር። ጥሩ ነገር ነው። ግን 10ኛ ሌቭል ላይ ያለ ጀግና ገና ግማሽ ኃይሉን እንኳ አልያዘም።

አሁን ደግሞ ለየት ያለ ማጭበርበር መጥቷል፤ እዚህ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። ሲቲ ኦፍ ሂሮስ በተጫዋቾች ጥረት ተነሥቷል። ሆምካሚንግ የሚባለው ሰርቨር በጃንዋሪ 2024 ከባለቤቱ ከኤንሲሶፍት ፈቃድ አግኝቷል። እዚያ መጫወት ነጻ ነው፣ ክላሶቹም ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ ወጪው በልገሳ ይሸፈናል። ስለዚህ «የሆምካሚንግ ክላስ እከፍትላችኋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የሚሸጥላችሁ ነገር ኖሮት አይደለም።

ክላስ መሞከር የምትፈልጉ እዚያ ሄዳችሁ ሁሉንም ሞክሩ። ብቻችሁን ሳይሆን በቡድን። ቻምፒዮንስ ኦንላይን በሚባለው ጌም ላይም ኃይል ከመምረጣችሁ በፊት የምትፈትኑበት ፓወርሃውስ የሚባል ቦታ አለ፤ ካልወደዳችሁት ሳትወጡ ትቀይሩታላችሁ። አንድ ክላስ ቡድን ውስጥ ደጋግማችሁ ተጫውታችሁበት አሁንም ደስ ካላችሁ፣ ያኔ ከኩባንያው ሱቅ ብትገዙ አልቃወምም።

ለአካውንት ሻጭ አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ንግግሩን ሁሉ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ክፍያውን ያስተላለፈላችሁን ድርጅት ዛሬውኑ አነጋግሩ፤ ቅሬታ የሚቀበሉበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ለሻጩ የሰጣችሁትን ፓስወርድ ሌላ ቦታ የምትጠቀሙበት ከሆነ አሁኑኑ ቀይሩት። «ትንሽ ጨምርና አስመልስልሃለሁ» ብሎ ደግሞ ከመጣ መልስ አትስጡት።