ዶሚኖ ዲኤፍ 500 ለጀማሪ አናጺ

የወንበር እግርና አግዳሚ፣ የበር ክፈፍና የመስኮት ማዕዘን ዕድሜያቸው የሚወሰነው በመገጣጠሚያቸው ጥንካሬ ነው። በመጋዝና በመሮ በጥንቃቄ የተሠራ ወንዴና ሴቴ (የአንዱ እንጨት ምላስ በሌላው ጉድጓድ የሚገባበት መገጣጠሚያ) ዛሬም ቢሆን የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ጊዜ ይወስዳል፣ የሠለጠነ እጅም ይጠይቃል። በ1925 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጀርመኑ ፌስቱል ኩባንያ ያወጣው ዶሚኖ ዲኤፍ 500 የተባለው በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይህንኑ መገጣጠሚያ በሌላ መንገድ ይሠራዋል። ከአንደኛው እንጨት ላይ ወንዴ ከማውጣት ይልቅ ሁለቱንም እንጨቶች ይፈለፍላል፤ ከዚያም ለብቻዋ የተዘጋጀች ጠፍጣፋ የእንጨት ምላስ በኮላ ተቀብታ በሁለቱ መካከል ትገባለች።

መሣሪያው 3.2 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሞተሩ 420 ዋት ነው። ልዩ የሚያደርገው የፑንታው፣ ማለትም እንጨቱን የሚፈለፍለው ስለት፣ እንቅስቃሴ ነው። ፑንታው በፍጥነት እየተሽከረከረ በዚያው ቅጽበት እንደ ግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ በዚህም ምክንያት ጫፎቹ የተሞረዱ፣ ከምላሷ ቅርጽ ጋር የሚገጥም ሞላላ ጉድጓድ ይወጣል። ምላሷ ውፍረትና ጥልቀት ስላላት እንጨቶቹ እንዳይላቀቁ ብቻ ሳይሆን እንዳይጠማዘዙም ትይዛለች። በዚህ ረገድ ሞላላ ቅርጽ ባላቸው ስስ የብስኩት ማያያዣዎች ላይ ያላት ብልጫ ግልጽ ነው፤ ብስኩት ሰሌዳዎችን ጎን ለጎን ለማስተካከል ይበቃል እንጂ ሰው የሚቀመጥበትን ወንበር እንዲሸከም የሚታመን አይደለም።

ለጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባው ነገር፣ መሣሪያው የሚለካው ካረፈበት ገጽ መሆኑን ነው። ዶሚኖ የእንጨቱን መካከል ፈልጎ አያገኝም፤ መደገፊያው፣ ማለትም በእንጨቱ ገጽ ላይ የሚጫነው የመሣሪያው ሳህን፣ ካረፈበት ገጽ ተነሥቶ በታዘዘው ከፍታ ይፈለፍላል እንጂ። ስለዚህ ሁለቱም እንጨቶች ተጣብቀው ሲያልቁ ወደ ውጭ የሚታየው ገጻቸው በእርሳስ ምልክት ይደረግበት፤ መደገፊያውም በሁለቱም ላይ ከዚያው ገጽ ላይ ይረፍ። ይህ ከተጠበቀ ጉድጓዱ ከእንጨቱ መካከል አንድ ሚሊ ሜትር ቢያፈነግጥ እንኳ ሁለቱ ገጾች እኩል ይሆናሉ። ለምሳሌ በእንጨት ውፍረት ከተሰየሙት የከፍታ ማስተካከያው ደረጃዎች መካከል 16፣ 20፣ 22 እና 25 ሚሊ ሜትር ይገኛሉ፤ 18 ሚሊ ሜትር የሆነው የተለመደው ኮምፔንሳቶ ግን የራሱ ደረጃ የለውም። በ16 ወይም በ20 ተስተካክሎ ሁለቱም ከአንድ ገጽ ከተሠሩ ምንም ችግር አይፈጠርም። መደገፊያውን ትቶ በታችኛው መቀመጫ ላይ መሥራትም ይቻላል፤ የፑንታው መሐል ከመቀመጫው በላይ 10 ሚሊ ሜትር ላይ ስለሚገኝ፣ ያ ዘዴ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ሰሌዳ በትክክል መካከሉ ላይ ይፈለፍለዋል።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገር አለ። የጠመመ እንጨት ጠማማ መገጣጠሚያ ይሰጣል። በመላጊያ ያልተስተካከለ፣ ጫፉ በስኳድራ ያልተረጋገጠ፣ ወይም ገና እርጥበቱን ያልጨረሰ ዋንዛ በዚህ መሣሪያ ሲሠራ ጉድጓዱ ንጹሕ ይሆናል፤ ዕቃው ግን ቀጥ ብሎ አይቆምም። ስለዚህ ጥሩ መላጊያና ጥሩ መጋዝ የሌለው ሰው ገንዘቡን በመጀመሪያ እነርሱ ላይ ቢያውል ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ፑንታዎቹ 4፣ 5፣ 6፣ 8 እና 10 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የሚመጣው ባለ 5 ሚሊ ሜትሩ ሲሆን ሌሎቹ ለየብቻ ይገዛሉ። የምላሷን ውፍረት ከእንጨቱ ውፍረት አንድ ሦስተኛ ገደማ አድርጎ መምረጥ የቆየና የሚያዋጣ መመሪያ ነው። ጥልቀቱ በ12፣ 15፣ 20፣ 25 እና 28 ሚሊ ሜትር ይስተካከላል፤ የሁለቱ ጉድጓዶች ድምርም ከምላሷ ርዝመት ማነስ የለበትም። 40 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላላት ምላስ 20 እና 20 የተለመደ ነው፤ መደርደሪያ በስስ ሰሌዳ ገጽ ላይ ሲገጠም ግን ሰሌዳው እንዳይበሳ 12 በገጹ፣ 28 ደግሞ በመደርደሪያው ጫፍ መፈልፈል ይቻላል፤ ይህ በጣም የምወደው የመሣሪያው ችሎታ ነው። ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ ፑንታ ቀጭን ስለሆነ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ እንዲገባ አይደረግም።

የጉድጓዱን ስፋት የሚወስነው መዘውር ሦስት ደረጃ ሲኖረው፣ የሚዞረው ሞተሩ እየሠራ ሳለ ነው። ጠቀሜታው ብዙ ምላሶች በአንድ መስመር ሲገቡ ይታያል። የመጀመሪያው ጉድጓድ በሁለቱም እንጨቶች ላይ በጠባቡ ደረጃ ይሠራል፤ የቀሩት በአንደኛው እንጨት ላይ ሰፋ ተደርገው ይፈለፈላሉ። በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ምላስ ቦታውን ስትወስን ሌሎቹ የእርሳስ ምልክቱን ጥቃቅን ስሕተት ይቀበላሉ። ሁሉንም በጠባቡ የሚሠራ ሰው ኮላው እየደረቀ ከሰሌዳው ጋር ይታገላል።

አያያዙን በተመለከተ፣ አንዱ እጅ መደገፊያውን በገጹ ላይ አጥብቆ መጫን አለበት፤ ሌላው ሞተሩን በዝግታ ወደ ፊት ይገፋል። በችኮላ የተገፋ ፑንታ በተለይ በጠንካራ እንጨት ላይ መሣሪያውን ከቦታው ያንሸራትተዋል፤ እንጨቱንም ያቃጥለዋል። የአቧራ መምጠጫ ማገናኘትም አማራጭ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ፍቅፋቂው ጉድጓዱ ውስጥ ከተጠቀጠቀ ምላሷ እስከ መጨረሻው አትገባም፣ ሁለቱ እንጨቶችም ሳይነካኩ ይቀራሉ።

የፋብሪካው ምላሶች ከቢች እንጨት የተሠሩና ኮላ የሚይዙ ቦዮች ያሏቸው ናቸው። እርጥበት ስለሚስቡ በክረምት ያብጣሉ፤ በሚገባ በሚከደን ዕቃ ውስጥ ቢቀመጡ ይመረጣል። እነዚህን በየጊዜው መግዛት ለማይመቸው ሰው ከደረቀ ጠንካራ እንጨት ቁርጥራጭ በራስ እጅ ማዘጋጀት ይቻላል፤ የእንጨቱ ጭረት በምላሷ ርዝመት መሄዱና ውፍረቷ በትክክል መላጉ ግን መረሳት የለበትም።

ዋጋው ከባድ ነው፤ በአሜሪካ ገበያ ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣል። ሳምንቱን ሙሉ በርና ወንበር ለሚሠራ ወርክሾፕ ይህ ገንዘብ በጊዜ ቁጠባ ይመለሳል፤ ለዚህም ሳላመነታ እንዲገዛ እመክራለሁ። በዓመት አንድ ሁለት ዕቃ ለሚሠራ ሰው ግን ክብ የእንጨት ካስማ በትራፓኖ ለማስገባት የሚያገለግል ቀላል መምሪያ በጥቂት ወጪ ጠንካራ ሥራ ያሠራዋል። ወፍራም የበር ክፈፍና የአልጋ እግር ዋና ሥራው የሆነ ባለሙያ ደግሞ እስከ 70 ሚሊ ሜትር የሚፈለፍለውን ታላቅ ወንድሙን፣ ዲኤፍ 700ን ቢመለከት ይበጀዋል፤ የሁለቱ ፑንታዎች አንዱ ለሌላው በቀጥታ እንደማይገጥሙም አስቀድሞ ይወቅ።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚያስልክ ሰው የሚጠይቀውን ይለይ። በአሜሪካ የሚሸጠው በ120 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ በኢትዮጵያ የ220 ቮልት መስመር ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል፤ ከትራንስፎርመር ጋር ብቻ ይሠራል። በአውሮፓ የሚሸጠው ባለ 230 ቮልቱ ግን ያለ ትራንስፎርመር ያገለግላል።