ካብ ካዴት 128 ከአንድ የውድድር ወቅት በኋላ፦ ርካሹ ነገር ትራክተሩ ነበር

ሰመር ሲገባ ኦሃዮ ውስጥ በየካውንቲው ባዛር የትራክተር ጉተታ አይጠፋም። ነሐሴ ላይ ቦውሊንግ ግሪን ከተማ የሚካሄደው ትልቁ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ያለ ነው። እዚያ አራትና አምስት ሞተር የደረደሩ ማሽኖች ይመጣሉ። የእኔ ግን ከታችኛው ደረጃ ነው። የጓሮ ትራክተር ይባላል፤ ድሮ ሣር ያጭድ ነበር። አማቴ አዲስ አበባ ሆነው ትራክተር መግዛቴን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁኝ "እርሻው የት ነው?" ብለው ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ትራክተሩ ጋንቾ ላይ ስሌድ የሚባል ከባድ ተጎታች ይታሰራል። ስሌዱ በተጎተተ ቁጥር ላዩ ላይ ያለው የክብደት ሳጥን ከኋላ ጎማዎቹ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ የፊተኛውን ሳህን መሬት ላይ ይጫነዋል። ሲነሳ ቀላል የነበረው ነገር መጨረሻ ላይ አልነቃነቅ ይላል። ርቆ የጎተተ አሸነፈ።

የገዛሁት ካብ ካዴት 128 ነው፤ ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሠራው። ሞተሩ ባለ 12 የፈረስ ጉልበት ኮህለር ነው፤ አንድ ሲሊንደር፣ ብሎኩ ብረት። ካምቢዮው ባለ ማርሽ እንጂ ሃይድሮሊክ አይደለም፤ ጎታቾች የሚወዱትም ለዚህ ነው። 600 ዶላር ከፈልኩ። ወቅቱን ሙሉ ካምቢዮውም ዲፈረንሻሉም ምንም አላሉም። ሃምሳ ዓመት ላለፈው ብረት ይሄ ቀላል አይደለም። ፍሪሲዮኑ ብቻ መንሸራተት ጀምሮ ነበር፤ ጠንከር ያለ ሞላ አስገባሁበት፣ ተስተካከለ።

ወጪው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ጎማ። አብሮት የመጣው ጎማ ሣር ላይ እንዲሄድ የተሠራ ስለሆነ ሸክላ አፈር ላይ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ጎታቾች የእርሻ ጎማ ዓይነት ጥርስ ያለው ገዝተው፣ ጥርሱን በባለሙያ አስቆርጠው ያስሉታል። እኔ ያገለገለ ጥንድ ገዝቼ እንኳ ከትራክተሩ በላይ ወጣብኝ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ካወጣሁት ብር ሁሉ የሠራልኝ እሱ ነው። ርቀቱ ወዲያው ጨመረ። የጎማውን ነፋስ ቀነስ አድርጎ መሬቱን ማየት ነው ቀሪው። ጠዋት ውሃ የጠጣ ሜዳ ከሰዓት ሲደርቅ ሌላ ሜዳ ይሆናል፤ ይሄን ደግሞ ማንም አይሸጥላችሁም።

ክብደትም አለ። በምወዳደርበት ክፍል ጣሪያው 1,000 ፓውንድ ነው፣ ከነሹፌሩ። እኔ ቀጭን ስለሆንኩ የሚቀረውን በብረት እሞላለሁ፤ የት እንደምሰቅለው ደግሞ እኔ እመርጣለሁ። ወፍራም ሹፌር ይሄ ዕድል የለውም። ቁርጥራጭ ብረት ርካሽ ነው፤ ማስበየጃው ነው ትንሽ የሚያስወጣው።

ሞተሩ ላይ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። ከፋብሪካ ሲወጣ በደቂቃ 3,600 ዙር ነው። ከዚያ በላይ ልግፋው ያለ ሰው አሉሚኒየሙን ቢዬላ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ፣ በጠንካራ መቀየር አለበት። ቢዬላው ሲጠነክር ዙሩን መጨመር ይቻላል። ያኔ የፋብሪካው ቮላኖ፣ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት፣ ያሰጋል፤ ዙር ሲበዛበት ተሰባብሮ እንደ ቦምብ ሊበተን ይችላል፣ የተቀመጣችሁት ደግሞ ከኋላው ነው። ስለዚህ የካስት አይረን (ቀልጦ የተቀረጸ ብረት) ሳይሆን የስቲል ቮላኖ፣ ከዚያ መከላከያ ሽፋን፣ ከዚያ ካርቡራቶር። እያንዳንዱ በመቶዎች ዶላር ነው። ጎረቤቴ ይህን ሁሉ አድርጎ ወደ ላይኛው ክፍል ወጣ። እዚያ ሲደርስ ሁሉም እንደሱ አድርገዋል፤ አሁን አራተኛና አምስተኛ ይወጣል።

እኔ ሞተሩን አልነካሁትም። በስቶክ ክፍል፣ ማለትም ሞተሩ እንደ ፋብሪካው በሚቆይበት፣ ሆኜ ሦስተኛም ሁለተኛም ወጥቻለሁ። ሽልማቱ የመንገዱን ቤንዚን አይሸፍንም፤ ተጎታች ጋሪ ኪራይና መመዝገቢያ ሲጨመርበትማ ተዉት። በወቅቱ መጨረሻ ስደምረው ጠቅላላ ወጪው የትራክተሩን ዋጋ አራት እጥፍ ሆኗል፤ ሞተር ሳይነካ ማለት ነው።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ቀለሙን አትዩ። ካምቢዮው አካባቢ ስንጥቅ ይኑር አይኑር እዩ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ሰማያዊ ጭስ ያወጣ እንደሆነ ጠብቁ፣ ፍሪሲዮኑን ጭነት ላይ ሞክሩ። ሻጩ ጥሩ የመጎተቻ ጎማ አብሮ ከሰጣችሁ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ውሰዱት። "ሞተሩ ተሠርቷል" ካላችሁ ግን ምን ዓይነት ቮላኖ እንዳስገባ ሳታዩ ገመዱን አትጎትቱ፣ ቁልፉንም አታዙሩ።